ፎቶግራፉ ይመስክር ወይስ ባለፎቶግራፉ?

በዚህ መጽሔት ላይ ሌሎች ጓደኞቼ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ አገር ልማት ሲጽፉ እኔ ስለ ሐይቅ አውሬ ለመጻፍ መነሣቴ ለአንዳንድ አንባቢዎች ቀልድ ሊመስላቸው ይችላል። ቀልድ ግን አይደለም። የምጽፈው ስለ አውሬው ሳይሆን፣ አውሬው አለ ለማለት ስለሚቀርቡት ፎቶግራፎችና ፊልሞች ነው። በክፍላችን ውስጥ በዕረፍት ሰዓት በእጅ ስልክ የሚታየው የዚህ ዓይነት ፊልም ብዙ ነው፤ ክርክሩም ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። አንዱ ወገን «በዓይኔ አየሁት እኮ!» ይላል፤ ሌላው ወገን ይሥቃል። እንደ እኔ አሳብ ከሆነ ሁለቱም ሥራቸውን አልሠሩም። ያመነውም ሳይመረምር አመነ፤ የሣቀውም ሳይመረምር ሣቀ።

እኔ የታዘብሁት ነገር ይኽ ነው። አንድ ፎቶግራፍ ሲቀርብልን አብዛኛውን ጊዜ የምንመዝነው ፎቶግራፉን ሳይሆን ያመጣውን ሰው ነው። ሰውዬው የተከበረ እንደ ሆነ እናምናለን፤ ተራ ሰው እንደ ሆነ እንጠራጠራለን። ይኽ ልማድ ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማሳየት በስኮትላንድ ካለው ከሎክ ኔስ ሐይቅ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኋቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሎክ ኔስ ረዥምና ጠባብ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጥልቀቱ እስከ 230 ሜትር ይደርሳል። ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ውሃ የበሰበሰ ዕፀዋት የሞላበት ጥቁር አፈር እያጠበ ስለሚገባ የሐይቁ ውሃ እንደ ሻይ የጠቆረ ነው፤ ጥቂት ሜትር ከወረዱ በኋላ ምንም ነገር አይታይም። እንዲህ ያለው ውሃ ለወሬ የተመቸ ነው። በሜይ ወር 1933 በአካባቢው የሚታተም አንድ ጋዜጣ በሐይቁ ውስጥ ትልቅ ፍጥረት ታየ ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው በየአገሩ ተዳረሰ።

ዴይሊ ሜይል የተባለው የለንደን ጋዜጣም በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ ማርማዱክ ዌዘረል የሚባል አዳኝ ቀጥሮ ወደ ሐይቁ ላከ። ሰውዬው ብዙ ሳይቆይ በዳርቻው ላይ የትልቅ እንስሳ ዱካ አገኘሁ አለ። ዱካው በጄሶ ተቀድቶ ለንደን ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተላከ። በጃንዋሪ 1934 የተሰጠው መልስ ዱካው የጉማሬ እግር ነው የሚል ሆነ። በስኮትላንድ ሐይቅ ጉማሬ የለም፤ ዱካው የታተመው በደረቀ የጉማሬ እግር ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን እግር አድርቀው የጃንጥላ ማስቀመጫ የሚያደርጉ ባለጸጎች ነበሩና፣ ይኽም ከዚያ ዓይነቱ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። (ከባሕር ዳር ወይም ከሐዋሳ የመጣ አንድ ተማሪ በዚያ ቢገኝ ኖሮ ዱካውን ለንደን ድረስ መላክ ባላስፈለገም ነበር።) አዳኙ መሣለቂያ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1934፣ ያው ጋዜጣ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የታወቀውን ፎቶግራፍ አወጣ። ረዥም አንገትና ትንሽ ራስ ያለው ፍጥረት ከውሃው ብቅ ብሎ ይታያል። ፎቶግራፉን አነሣሁ ያለው ሮበርት ኬኔዝ ዊልሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ነበር። ስሙ ከአውሬው ጋራ እንዲነሣ አልፈለገምና ሥዕሉ «የሐኪሙ ፎቶግራፍ» ተብሎ ቀረ። እስቲ ይኽን ስም አስተውሉት! የሐይቁ ፎቶግራፍ ወይም የአውሬው ፎቶግራፍ አልተባለም፤ የሐኪሙ ተባለ። በ60 ዓመት ውስጥ ስለዚህ ሥዕል በተነሣው ክርክር ሁሉ ዋናው ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ የነበረው ይኸው ማዕርግ ነው። የተማረ፣ የተከበረ፣ ገንዘብ የማይቸግረው ሰው ለምን ይዋሻል? ተባለ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ ሥዕሉ አንዲት ነገር እንኳ አይነግረንም።

ሥዕሉን ራሱን የጠየቀ ሰው ግን መልስ ሊያገኝ ይችል ነበር። በጋዜጣ የወጣውና ሁላችንም የምናውቀው ዳር ዳሩ ተቆርጦ መካከሉ የጎላው ነው። ያልተቆረጠው ሲታይ ፍጥረቱ በሰፊ ውሃ መካከል ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ በዙሪያው ያሉት የውሃ እጥፋቶችም ትልቅ ማዕበል ሳይሆኑ ነፋስ በኩሬ ላይ እንደሚያነሣቸው ያሉ ናቸው። በ1980ዎቹ ዓመታት እነዚህን ሞገዶች እንደ መለኪያ አድርገው ያሰሉ ሰዎች ዕቃው ከተባለው እጅግ ያነሰ መሆኑን ጽፈዋል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ከዚያም በፊት በ1975 የአዳኙ የዌዘረል ልጅ ነገሩ ተንኮል እንደ ነበረ ለአንድ ጋዜጣ ተናግሮ ሳለ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በመጨረሻም የዌዘረል የእንጀራ ልጅ ክርስቲያን ስፐርሊንግ በ90 ዓመቱ፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ ምስጢሩን አወጣና በ1994 ለሕዝብ ተገለጠ። አንገቱንና ራሱን ቅርጽ አውጥቶ የሠራው እርሱ ነው። የተተከለውም ከሱቅ በተገዛ የልጆች መጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር! አዳኙ በጉማሬው እግር ምክንያት ያፈረበትን ለመበቀል አሳቡን አመነጨ፤ ሐኪሙ ደግሞ በወዳጅ በኩል ተለምኖ የተከበረ ስሙን አዋሰ። ተንኮለኞቹ የሰውን ጠባይ በሚገባ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ዌዘረል ራሱ ቢያቀርበው ኖሮ ማንም አያምነውም ነበርና፣ ያው አሻንጉሊት በሐኪም እጅ ሲመጣ እውነት ሆነ።

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ሰው ለይቶ ማወቅ ይበቃል» ይል ይሆናል። አይበቃም። ለዚህም ቲም ዲንስዴል የሚባለውን የእንግሊዝ የአይሮፕላን መሐንዲስ ልጥቀስ። ይኽ ሰው ኤፕሪል 23 ቀን 1960 ከሐይቁ ዳር ሆኖ አንድ ነገር ውሃውን እየሰነጠቀ ሲሄድ በሲኒማ ካሜራ አነሣ። ስለ ቅንነቱ የተጠራጠረ ሰው የለም፤ ሥራውን ትቶ እስኪሞት ድረስ አውሬውን ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። እኔ ይልቁን የማደንቅለት ሌላ ነገር ነው። በዚያው ቀን ጥዋት አንድ ጀልባ በዚያው መንገድ እንዲሄድ አድርጎ፣ ሰዎች እንዲያስተያዩት ብሎ፣ ያንንም በፊልም አነሣው። ገና ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ማስረጃ የሚፈትንበትን መሣሪያ ራሱ አቀረበ። በ1966 የእንግሊዝ አየር ኃይል የፎቶግራፍ መርማሪዎች ፊልሙን አይተው ነገሩ ምናልባት ሕይወት ያለው ሳይሆን አይቀርም አሉ። በኋላ ግን በተሻለ መሣሪያ የተመለከቱት ብዙዎች ጀልባ ነው ወደ ማለት አዘነበሉ። እንግዲህ ቅን ሰው፣ ጥሩ ካሜራ፣ የታወቁ መርማሪዎች በአንድነት ተገኝተው ሳለ ነገሩ አሁንም ከርቀት የታየ ጥቁር ነጥብ ነው። ቅንነት ርቀትን አያቀርብም።

ስለ አሜሪካዊው ስለ ሮበርት ራይንስ በአጭሩ ልለፍ። በ1972 ከውሃ በታች ባስቀመጠው ካሜራ የዓሣ ክንፍ መሳይ ነገር አነሣ፤ በ1975 ራይንስና የታወቀው እንግሊዛዊ የአእዋፍ ተመራማሪ ሰር ፒተር ስኮት ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ለፍጥረቱ የላቲን ስም እስከ ማውጣት ደረሱ። ቆይቶ ግን የታተመው ሥዕል ክንፉ ጎልቶ እንዲታይ በእጅ የተነካካ መሆኑ ታወቀ፤ የመጀመሪያው ሥዕል ጭጋግ ከማሳየት ብዙም አያልፍም። የሚያሥቀው፣ የላቲኑ ስም ፊደሎች ቦታ ቢለዋወጡ «የሰር ፒተር ኤስ የአውሬ ማታለያ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ሐረግ መውጣቱ ነው። ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ ለባለቤቶቹ ልተወው፤ ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ ሰው ግን እንዲህ ያለው ነገር አይደንቀውም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የስኮትላንዱ ሳይሆን የአይስላንዱ ነገር ነው። በዚያች የሰሜን ደሴት ላጋርፍልዮት በሚባል ሐይቅ ውስጥ ትልቅ ትል መሳይ አውሬ ይኖራል የሚል ከጥንት የመጣ ተረት አለ። በፌብሩዋሪ 2012 አንድ የአካባቢው ሰው ከመኖሪያው አጠገብ፣ በረዶ በሞላበት ወራጅ ውሃ ላይ፣ እንደ እባብ እየተጥመለመለ የሚሄድ ረዥም ነገር በቪዲዮ አነሣና ዓለም ሁሉ አየው። እውነትም ፊልሙ ሲታይ ልብ ያስደነግጣል። ነገሩ ይንቀሳቀሳል፤ የተቀነባበረ ነገርም አይደለም፤ ያነሣውም ሰው ያየውን ነው ያነሣው። ታዲያ ምንድን ነው?

እስቲ ወንዝ ወርዶ ልብስ ያጠበ ሰው ያስታውስ። ነጠላው በአንድ ጫፉ ድንጋይ ላይ ተይዞ ሲቀር ውሃው ያወናጭፈዋል፤ ነጠላውም ወደ ላይ የሚዋኝ ይመስላል። ሰው ዓይኑን በነጠላው ላይ ብቻ ቢተክል በእርግጥ የሚሄድ ይመስለዋል። ነገር ግን ዓይኑን ወደ ድንጋዩ ቢመልስ ነጠላው አንዲት ስንዝር እንኳ አለመራመዱን ያያል። በአይስላንዱ ፊልም ላይም የሆነው ይኸው ነው። ፊልሙን በጥንቃቄ የተመለከቱ ሰዎች ከኋላ ያለውን በረዶ ምልክት አድርገው ሲለኩ «አውሬው» ከቦታው እንዳልተነቃነቀ አገኙ። የሚሄደው ውሃው ነው። በረዶ የያዘው የዓሣ መረብ ወይም እንዲህ ያለ ነገር ከሥር ተይዞ በወራጁ ውሃ ይወዛወዝ ነበር ተብሎ ይገመታል። እኔም ይኽን ካነበብሁ በኋላ ፊልሙን ደግሜ አየሁት፤ ዓይኔን ከትሉ ላይ አንሥቼ ከዳር ባለው በረዶ ላይ ሳደርገው አውሬው ቆመ። ይኽን የሞከሩት ሁለት ጓደኞቼም እንዲሁ ሆነባቸው። ለዚህ ከቶ መሣሪያም፣ ገንዘብም፣ ዲፕሎማም አላስፈለገንም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ለአውሬው እውነተኛ ሥዕል ላመጣ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ ቀድሞ ቃል ገብቶ ነበርና፣ ፊልሙን እንዲመረምር 13 አባሎች ያሉት ኮሚሲዮን አቋቋመ። በ2014 ከ13ቱ 7ቱ ፊልሙ እውነተኛ ነው ብለው ድምፅ ሰጡ! ለመሆኑ አንድ ሰው ድምፁን ቢለውጥ ኖሮ አውሬው ከሐይቁ ሊጠፋ ነበርን? በክፍላችንም ክርክሩ ሲያስቸግረን «እጅ እናውጣ» የሚል አይጠፋም። እጅ ማውጣት የክፍል አለቃ ለመምረጥ ደኅና ነው፤ ከድንጋይ የተያዘውን ነጠላ ግን እባብ አያደርገውም።

አሁን «ይኽ ሁሉ የፈረንጅ ተረት ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ቢኖር አንድ ነገር ልንገረው። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ የማውቀው ልጅ በተሰበረ መስኮት ሥር በእጁ ድንጋይ ይዞ ጎንበስ ብሎ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተነሣበት። ፎቶግራፉን ለኃላፊዎቹ ያቀረበው በጠባዩ የተመሰገነ ተማሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶግራፉ የጠየቀ የለም፤ ልጁ ሦስት ቀን ከትምህርት ታገደ። በአራተኛው ቀን ያልተቆረጠው ሥዕል ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ተገኘ። በሥዕሉ ዳር የግቢው ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያና ቆሻሻ ማፈሻ ይዘው ቆመዋል፤ ልጁ ስብርባሪውንና ድንጋዩን እየለቀመ ሲያግዛቸው ነበር የተነሣው። ያቀረበውም ተማሪ ውሸታም አልነበረም፤ የተላከለትን ነው ያሳየው። ልጁ ተመልሶ ገባ፤ በእነዚያ ቀኖች ያለፈው ፈተና ግን አልተመለሰለትም። የሐኪሙ ፎቶግራፍ ዳሩ ተቆርጦ ሐይቅን ባለ አውሬ እንዳደረገ፣ ይኸኛውም ዳሩ ተቆርጦ ረዳቱን ጥፋተኛ አደረገ። ስለዚህ አንድ ሥዕል ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን አመጣው ብዬ አይደለም። ዳሩ የት አለ? ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ የተነሣው የት አለ? ትልቅነቱን የምለካበት ሌላ የማውቀው ነገር በአጠገቡ ይታያልን? ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1934 ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ሎክ ኔስን ለማየት የሚሄደው ሰው ሁሉ በኪሱ ካሜራ አለው። አውሬው ቢኖር ኖሮ ካሜራው በበዛ ቁጥር ሥዕሉ እየጠራ ሊሄድ ይገባው ነበር፤ እርሱ ግን ያው እንደ ጥንቱ የደበዘዘና የራቀ ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚቀነባበረው ሥዕል ደግሞ የጠራ አውሬ ሊሠራልን ይችላል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ጥራቱም ብቻውን ዋስ አይሆንም። ከጓደኞቼ አንዱ ይኽን ሲሰማ «እንግዲያው ምንም ሥዕል አይታመንማ!» አለኝ። እኔ እንደዚህ አላልሁም። በሥዕል ላይ ጨርሶ እምነት ያጣ ሰው እውነተኛው ሲመጣም ይሥቃል፤ ለተንኮለኛም ከዚህ የተመቸ ሰው የለም።

በበኩሌ ሥዕል ብቻውን ሲቀር ሌላ ዓይነት ምስክር መጠየቅ ይገባል እላለሁ፤ ተጠይቋልም። በ2018 በኒው ዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ኒል ጌሜልና ባልደረቦቻቸው ከሎክ ኔስ ከልዩ ልዩ ቦታና ጥልቀት ወደ 250 የሚሆን የውሃ ናሙና ቀዱ። በውሃ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ ከቆዳው፣ ከቅርፊቱ፣ ከዐይነ ምድሩ ጥቂት ጥቂት እየጣለ ይኖራል፤ በዚያ ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ተጣርቶ ሲነበብ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ውጤቱ በሴፕቴምበር 2019 ተገለጠ። ብዙዎች ተስፋ ያደረጉት፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፋው ረዥም አንገት ያለው የባሕር እንስሳ በሐይቁ ቀርቶ ይሆናል የሚለው ነበር፤ (ሐይቁ ራሱ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ቦታ እንደ ነበረ ግን አያነሡትም)። የዚህ ዓይነት በደረቱ የሚሳብ እንስሳ ምልክት ከቶ አልተገኘም። በብዛት የተገኘው ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ነው፤ ናሙና በተቀዳበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ነበረ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የወደድሁት ፕሮፌሰሩ በዚያን ጊዜ የሰጡትን ማብራሪያ ነው። ጋዜጠኞቹ ታዲያ አውሬው ትልቅ ኢል ይሆንን? ብለው ሲጠይቋቸው፣ አዎንም አይደለምንም ለማለት አልቸኮሉም። ዲ.ኤን.ኤ. የዓሣውን ዓይነት እንጂ ትልቅነቱን አይናገርምና፣ ትልቅ ኢል የለም ለማለት ማስረጃቸው እንደማያደርሳቸው ተናገሩ። በ2023 በኦገስት ወር ደግሞ ብዙ ፈቃደኞች ድሮንና ከውሃ በታች ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ ይዘው ሐይቁን ሲጠብቁ ሰነበቱ፤ አውሬ ግን አላገኙም። እኔም ዕድሉ ቢኖረኝ አብሬአቸው ዳር ላይ ቆሜ ባየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ካሜራም ብይዝ፣ ከአውሬው ይልቅ አስቀድሜ የማነሣው በአጠገቡ ያለውን ጀልባ ነው።